አየሩ የወጣበት ድፎ

ስለ ባዶ ነገር የሚያስተምረኝ ሰው አያስፈልገኝም ብዬ አምን ነበር። የምኖረው የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ውሃ የሄደ ቀን ቧንቧውን ስትከፍቱት አየር ወደ ውስጥ ሲስብ ይሰማችኋል። የመጣ ቀን ደግሞ ከውሃው ቀድሞ አየሩ እያፏጨ ይወጣል፤ ቆጣሪውም ውሃና አየር መለየት ስለማይችል በደስታ ይሽከረከራል። በዚህ ላይ የሰኞ ጠዋት ጭንቅላቴንና አለቃዬ ስብሰባ ላይ የሚናገሩትን ስትጨምሩበት፣ ባዶነትን በተግባር የተማርኩ ሰው መሆኔ ይገባችኋል።

እውነተኛውን ባዶ፣ ቫኪዩም የሚባለውን፣ አየር እንኳ የሌለበትን ግን የተዋወቅኩት ዘንድሮ ነው። ባንተዋወቅ ኖሮ አንድ ድፎ ዳቦና የጎረቤቴ የውሃ በርሜል በቀድሞ ቅርጻቸው በሰላም ይኖሩ ነበር።

ነገሩ የጀመረው በብርድ ልብስ ነው። በሠርጋችን የታደመው ሰው ሁሉ ተመካክሮ ይመስል ብርድ ልብስ ይዞ መጣ። ቤታችን ደግሞ ባለ አንድ መኝታ ነው፤ እንግዳ ሲመጣ እኔ ኩሽና ካልገባሁ በሩ አይዘጋም። ብርድ ልብሶቹ ቁም ሳጥኑን ሞልተው፣ አልጋ ሥር ገብተው፣ የቀሩት ሳሎን ውስጥ ከኛ ጋር ይቀመጡ ጀመር። አንድ ቅዳሜ ሾላ ገበያ ሽንኩርት ልገዛ ሄጄ፣ አንዲት ነጋዴ ወፍራም ብርድ ልብስ ፌስታል ውስጥ ከታ በእጅ ፓምፕ አየሩን ስትመጥጠው አየሁ። ያ ሁሉ ብርድ ልብስ ዓይኔ እያየ ተጨማዶ እንደ ቆርቆሮ ሳሳ። ሽንኩርቱን ረስቼ ፌስታልና ፓምፕ ይዤ ቤት ገባሁ።

ባለቤቴ ለሊሴ ትባላለች። ስትናደድ ድምጿን ከፍ አታደርግም፣ ይልቁንም ዝቅ ታደርገዋለች፤ በጣም የተናደደች ቀን ለመስማት ጠጋ ማለት ያስፈልጋል።

«ሽንኩርቱስ?» አለችኝ።

«ሽንኩርት ምን ይሠራል? ይኸው ቦታ ገዛሁልሽ።»

እውነቱን ለመናገር ብርድ ልብሶቹ ሲሳሱ እሷም ደስ ብሏት ነበር። በዚያው ብቆም ምን አለበት? እኔ ግን አንድ ነገር ከተሳካልኝ የተፈጠርኩት ለዚያ ነው ብዬ የማስብ ሰው ነኝ። ትራሱን፣ ጋቢውን፣ የክረምት ጃኬቶችን መጠጥኩ። ሽሮውን ብመጥጠው ጡብ ሆኖ ቀረ፤ ለሊሴ በሙቀጫ ዘነዘና እየፈረፈረች ወጥ ሠራች። ማታ ማታ ስልኬ ላይ ስለ ቫኪዩም የሚያወሩ ቪዲዮዎች ማየት ጀመርኩ፤ በሳምንቱ ሊቅ ሆንኩ።

የተማርኩትን ላካፍላችሁ። አየር በሌለበት ቦታ ላባና ብረት እኩል ብትለቁ እኩል መሬት ይደርሳሉ፤ ላባውን የሚያንቀረፍፈው አየሩ ነው። ድምፅ የሚሸከመው አጥቶ ካፋችሁ አይወጣም። ውሃ ያለ እሳት ይፈላል። ሰው ቢገባበት ይፈነዳል የሚሉት ውሸት ነው፤ ሰውነቱ ያብጣል፣ ምላሱ ላይ ያለው ምራቅ ይፈላል፣ ወዲያው ራሱን ይስታል እንጂ አይፈነዳም። ይህን ምሳ ሰዓት ላይ ለመሥሪያ ቤት ባልደረቦቼ ሳብራራ አንዷ ማንኪያዋን አስቀመጠች፤ ከዚያን ቀን ወዲህ ከኔ ጋር ምሳ አትበላም።

ከሁሉ በላይ የገረመኝ ግን ይህ ነው። ፌስታሉ ውስጥ ያለው ባዶ ምንም ነገር አይስብም። ብርድ ልብሱን የሚጨፈልቀው ከውጭ ያለው አየር ነው። ሁላችንም ላይ ቀን ከሌት ተጭኖናል፤ ከውስጣችንም አየር ስላለ ሚዛኑን ጠብቀን እንኖራለን። ውስጡ ሲወጣ ግን ውጪው ይጨፈልቃል። ይህን አሳምሬ አውቅ እንደነበር ልብ በሉልኝ፤ ኋላ የሠራሁትን የሠራሁት ባለማወቅ አይደለም።

የጥፋት ተባባሪዬ ሙሌ ነው። ሙሌ ከሕንፃችን ምድር ቤት ፍሪጅ ይጠግናል። እኔ የማይረባ ሐሳብ አመጣለሁ፣ እሱ ደግሞ «ይቻላል» ይላል፤ ሌላ መልስ ሲሰጥ ሰምቼው አላውቅም። የእጅ ፓምፕ አልበቃኝም ስለው ከአሮጌ ፍሪጅ የነቀለውን ሞተር አወጣ፣ የሚገፋውን ትቶ የሚስበውን ቱቦ አፈ ሰፊ ጠርሙስ ክዳን ላይ በሲሊኮን አጣበቀልኝ። ከዚያማ ከሥራ መልስ ውሏችን እዚያ ሆነ።

በደንብ ያልተነፋ ፊኛ ጠርሙሱ ውስጥ አስረን ብንከት፣ ማንም ሳይነፋው አብጦ ጠርሙሱን ሞላው። ስልኬን እየጠራ ከተትነው፤ መብራቱ ይበራል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ድምፁ ግን ርቆ ርቆ ጠፋ። የደወሉት አለቃዬ ነበሩ፤ በማግስቱ ለምን እንዳላነሳሁ ሲጠይቁኝ እውነቱን ነገርኳቸው። እስከ ዛሬ ያላመኑኝ በዚህ ብቻ ነው። በረሮ ከተትን፤ እግሩን ዘርግቶ ተጋደመ፣ ሞተ ብለን አየሩን ብንለቅበት ቀስ ብሎ ተነስቶ ወደ ሙሌ መሣሪያ ሳጥን ሄደ። የካ አባዶ ያደገ በረሮ ነውና አልፈረድንበትም።

ሻይም ሞክረናል። ለብ ያለ ሻይ ጠርሙሱ ውስጥ ተንፈቀፈቀ፣ እንደ ጉድ ፈላ። ለሊሴን ጠርቼ አሳየኋትና «ቅመሽው» አልኳት። ቀመሰች።

«ቀዝቅዟል።»

«እሱ ነው እኮ ተአምሩ። እየፈላ ይቀዘቅዛል። እንፋሎቱ ሙቀቱን ይዞት ስለሚወጣ ነው።»

«እኔን የሚጠቅመኝ ሳይፈላ የሚሞቅ ነው» አለችና ደረጃውን ወጣች።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ፤ የለሊሴ አባት አባባ ቶሎሳ ናቸው። የሚኖሩት ከእንጦጦ ወገብ ላይ ነው። ቀድሞ ገበሬ ነበሩ፤ ዛሬ ግቢያቸው ውስጥ ችግኝ እያፈሉ ይሸጣሉ። ለሊሴ ስታገባ ግቢያቸው ውስጥ ለኛ ብለው ሰፊ ቤት ሠርተው ነበር። እኛ ደግሞ ኮንዶሚኒየሙ ስለነበረን ወደዚያ ገባን። አባባ ቶሎሳ አልተሳደቡም፣ አልረገሙም፤ አኮረፉ ብቻ። ልጃቸው ስትጠይቃቸው ይቀበሏታል፣ እሷ ቤት ግን አንድ ቀን እግራቸውን አላነሡም፣ ከእጇም ምግብ አልቀመሱም። «እንዲህ ያለ ቤት ሠርቼ ሰማይ ላይ የተንጠለጠለ ሳጥን ውስጥ ገባች» ይላሉ አሉ። ለሊሴ ይህን ሲነግሯት ትስቃለች፤ ግን የሰው አባት ልጁን ሊጠይቅ ደረጃችንን ሲወጣ ባየች ቁጥር በሩን ቀስ አድርጋ ትዘጋዋለች። ይህ ነገር እንደሚያማት አውቃለሁ።

ታዲያ ባለፈው አንድ የሰፈራቸው ሽማግሌ ገብተው ነገሩን አለዘቡት። አባባ ቶሎሳም፣ «እንግዲያውስ እሑድ ጋግራ ታምጣ፣ ከልጄ ዳቦ ልቁረስ» ብለው ላኩ። ዳቦው ተቆርሶ ከተመረቀ ኩርፊያው አለቀ ማለት ነው። ለሊሴ ይህን ስትሰማ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

ከዚያ ሾላ ወርዳ ኮባ፣ ጥቁር አዝሙድና ድንብላል መርጣ ገዛች። እሑድ ጎህ ሳይቀድ ተነስታ ጋገረችው። እውነት እላችኋለሁ፣ እንደዚያ ያለ ድፎ አይቼ አላውቅም። ጀርባው ቡናማ ሆኖ ጉብ ያለ፣ ኮባው መስመር የተወበት፣ ሲነኩት ገባ ብሎ የሚመለስ ነበር። ሽታው እስከ ምድር ቤት ወርዶ ሙሌን ቀሰቀሰው። ለሊሴ አባቷ ቤት የሚሠራ ስላለ ቀድማ መሄድ ነበረባት። ነጭ ጨርቅና ሰፊ ቅርጫት አዘጋጅታ አደራውን ሰጠችኝ።

«እስኪበርድ አትሸፍነው። ከዚያ በኮንትራት ታክሲ ይዘኸው ና። አትደራርብበት። ሌላ ምንም አታድርግ።»

«ምን አደርገዋለሁ ብለሽ ነው?»

ፊቴን ትክ ብላ አየችኝና ሄደች።

ብቻዬን ከዳቦው ጋር ተፋጠጥኩ። ማሰብ ጀመርኩ፤ ችግሩም እዚህ ላይ ነው። ከየካ አባዶ እንጦጦ ድረስ መንገዱ ሩቅ ነው። አቧራው አለ፣ ፀሐዩ አለ፣ ዳቦ ደግሞ የሚያደርቀው አየር ነው። አየር ካልነካው እንደተጋገረ ይደርሳል። በዚያ ላይ ቦታ አይዝም። አባባ ቶሎሳ ፊት ፌስታሉን ስከፍት ከምድጃ የወጣ ይመስል ሽታው ሲያውዳቸው፣ «ይህ አማች ዘዴኛ ነው» ሲሉ ታየኝ። ድፎውን አቅፌ ሙሌ ጋ ወረድኩ።

«ይቻላል» አለ ሙሌ።

ትልቁ የብርድ ልብስ ፌስታል ውስጥ ከተትነው፣ ቱቦውን አገናኘን፣ ሞተሩን አስነሳን። መጀመሪያ ፌስታሉ ዳቦውን ቀስ ብሎ አቀፈው። ያምር ነበር። ዳቦው ገና ውስጡ ትኩስ ነበርና አየሩ ሲሳሳ እርጥበቱ እንደ ሻያችን ፈላ፤ ፌስታሉ በእንፋሎት ታፈነ፣ ምንም አይታይም። እኔ በሳይንሱ ተመስጬ ለሙሌ ስለ ሙቀትና እንፋሎት አስረዳለሁ። ሙሌም ጭንቅላቱን ይነቀንቃል። ፌስታሉን ከላይ በእጄ ዳበስ ሳደርገው ያ ጉብታ የለም። ጠፍጣፋ ነገር ተኝቷል።

«አጥፋው» አልኩት።

አጠፋው። አየሩን ለቀቅንበት። አየሩ ፌስታሉ ውስጥ ገባ፣ ዳቦው ውስጥ ግን አልገባም። ድፎው ከመኪና ምንጣፍ ትንሽ ወፈር ብሎ፣ እንደ ቆዳ ሆኖ ቀረ። አንድ ጥግ ይዤ ባነሳው ሌላው ጥግ ሳይጎነበስ አብሮ ተነሳ።

ሰው በዚህ ጊዜ ያዝናል፣ ይቅርታ ይጠይቃል፣ ወይም ሌላ ዳቦ ይገዛል። እኔ ግን ሊቅ ነኝ። «ሙሌ፣ የጨፈለቀው የውጭ አየር ነው አይደል? እንግዲያው የውጭውን አየር ብናነሳለት፣ ውስጡ የቀረው ይነፋዋል። ፊኛው እንዴት እንዳበጠ አላየህም?» አልኩት። እዚህ ላይ ነገሩን ላስረዳችሁ፤ ፊኛ አየሩን ዘግቶ ይይዛል፣ ዳቦ ግን ሁለመናው ቀዳዳ ነው። ይህንንም አውቅ ነበር።

«ይቻላል» አለ ሙሌ።

ዳቦው የሚገባበት ትልቅ ዕቃ አስፈለገ። የሙሌ ሚስት ውሃ ስታጠራቅምበት የነበረ ሰማያዊ የፕላስቲክ በርሜል ነበር፤ ከጠርሙስ ጋር አንድ መስሎን ገለበጥነው፣ አደረቅነው፣ ዳቦውን በጨርቁ ጠቅልለን ከተትን፣ ክዳኑን በሲሊኮን ዘጋን። ሞተሩ ጎተተ። በርሜሉ ጥቂት ታገሠ። ከዚያ ሆዱ ወደ ውስጥ ጎደጎደ፣ ተንሰቀሰቀ፣ ድንገትም ሰፈሩን በሚያናጋ ድምፅ ራሱ ላይ ተሰበሰበ። ጎረቤት ሁሉ በረንዳ ላይ ወጣ፤ የጋዝ ሲሊንደር የፈነዳ መስሏቸው ልጆቻቸውን ይጠራሉ። ሙሌ በርሜሉን ዞሮ ዞሮ አየው።

«ጠርሙሱ እኮ ችሎት ነበር» አለ። ሚስቱ ከላይ ስትወርድ የጫማዋ ድምፅ ተሰማ፤ እሱን እዚያው ትቼው ዳቦዬን ይዤ ወጣሁ። አሁን ጠፍጣፋ ብቻ ሳይሆን በአንድ በኩል የታጠፈ ነበር።

ኮንትራት ታክሲም አላስፈለገኝ፤ ዳቦው በብብቴ ሥር ይያዛል። በሚኒባስ ሄድኩ። ከሽሮ ሜዳ በላይ ዳገቱን ስንጀምር አጠገቤ የተቀመጠች ልጅ እጅ ላይ ያለው የችፕስ ከረጢት ቀስ በቀስ ሲወጠር አየሁ። ወደ ላይ በወጣን ቁጥር አየሩ እየሳሳ ነው፤ ከረጢቱ ውስጥ ያለው የታች አየር ይገፋል። ተስፋዬ አብሮ ተነፋ። በየጠመዝማዛው ጨርቁን ገለጥ እያደረግኩ ዳቦውን በጣቴ እነካዋለሁ። ልጅቷ አንዴ እኔን አንዴ ጨርቁን ታያለች። ባህር ዛፉ መካከል ስንደርስ ከረጢቱ ከበሮ ሆኗል፤ ዳቦው እንደነበረ ነው። ልጅቷ ወንበር ቀየረች።

አባባ ቶሎሳ ግቢ ስደርስ፣ እሳቸውና ሽማግሌው፣ ጥቂት ጎረቤቶችም ችግኞቹ አጠገብ አግዳሚ ወንበር ላይ ተደርድረዋል። ጠረጴዛው ነጭ ለብሷል፤ ቢላዋው ተቀምጧል። ለሊሴ አዲስ ቀሚሷን ለብሳ እየሳቀች ወደኔ መጣች። ክንዴ ሥር ያለውን አየችና ሳቋ ቆመ።

«ቅርጫቱስ?» አለች፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

«አላስፈለገም።»

ጨርቁን ከእጄ ተቀብላ ጠረጴዛው ላይ ገለጠችው። ማንም አልተናገረም። ድምፅ የሚሸከመው ሲያጣ እንዴት እንደሚሆን ያን ጊዜ ያለ ሞተር ገባኝ። ሽማግሌው መነጽራቸውን አወለቁ፣ ጠረጉ፣ መልሰው አደረጉ። አንዷ ጎረቤት ሌላዋን በክርኗ ነካች። ለሊሴ ዳቦውን እንጂ እኔን አላየችም። አባባ ቶሎሳ በጣታቸው አንኳኩት። ጣውላ ሲንኳኳ የሚሰማው ድምፅ ወጣ።

«ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ይኼን ነው የጋገርሽልኝ?» አሏት በለሆሳስ።

ለሊሴ አንገቷን ደፋች። አባቷን ጠልታ፣ ወይም ንቃ፣ ወይም አዲሱ ኑሮዋ መጋገር አስረስቷት ሊመስላቸው ነው። ይህን ማየት አልቻልኩም።

«አባባ፣ እሷ የጋገረችው ይህን አይደለም» አልኩ ወደ ፊት ቀርቤ። «ከዚህ አምስት እጥፍ የሚያክል፣ የሚያምር ድፎ ነው። እኔ ነኝ ያበላሸሁት። አየሩን አወጣሁበት።»

«ምኑን?»

«አየሩን። በሞተር።»

አባባ ቶሎሳ ዳቦውን አዩ፣ እኔን አዩ፣ እንደገና ዳቦውን አዩ።

«ከዳቦ ላይ አየር ታወጣለህ?»

«አዎ አባባ።»

«ለምን?»

የተማርኩትን ሁሉ ላስረዳ አፌን ከፈትኩ። የውስጥ አየር፣ የውጭ አየር፣ እንፋሎት፣ ላባና ብረት ሁሉም ተዘጋጅተው ነበር። ከአፌ የወጣው ግን ሌላ ነው።

«ቦታ እንዳይዝ ብዬ።»

አባባ ቶሎሳ ቀስ ብለው ተቀመጡ። በዓይናቸው ወደ ታች፣ ከተማው ወደተዘረጋበት አቅጣጫ፣ እኛ ወደምንኖርበት በኩል አዩ። ፊታቸው ላይ የነበረው ኩርፊያ ወደ ድንጋጤ ተቀየረ።

«ቤቱ ይህን ያህል ጠቦ ነው?» አሉ። «ዳቦ እንኳ አየር የማያገኝበት?» ወደ ሽማግሌው ዞሩ። «ሰማህ? ሳጥን ነው ያልኩህን? ልጄ እዚያ ውስጥ እንዴት ትተነፍሳለች?»

ሽማግሌው ሳቃቸውን ሊውጡ ሲሞክሩ ሳል ሆነባቸው። ከዚያ ጎረቤቶቹ፣ ከዚያ አባባ ቶሎሳ ራሳቸው፣ ትከሻቸው እየተንቀጠቀጠ ሳቁ። ቢላዋው አልቆርጥ ብሏቸው ዳቦውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ሰበሩት። ከመመረቃቸው በፊት ግን ቆም አሉ።

«እንግዲህ» አሉ፣ «ይህን ዳቦ እንዳጣበቀው እናንተንም ያጣብቃችሁ።»

«አሜን» አልን ሁላችን።

የመጀመሪያውን ጉርሻ ለሊሴ አፍ ውስጥ አደረጉ። ስታኝክ እንባዋ ወረደ። ባባቷ ደስ ብሏት ይሁን ዳቦው ጠንክሮባት አላውቅም፤ ለረጅም ጊዜ አኘከችው። ውጣ እንደጨረሰች ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ «ቤት እንገናኛለን» አለችኝ። የተናገረችው በጣም ዝቅ ባለ ድምፅ ነው።

ቤት የሆነውን አልነግራችሁም። የምነግራችሁ በሳምንቱ፣ እሑድ ጠዋት፣ በራችን መንኳኳቱን ነው። አባባ ቶሎሳ ደረጃውን ወጥተው፣ በአንድ እጃቸው ከዘራ፣ በሌላው በፌስታል የተያዘ የጽድ ችግኝ ይዘው ቆመዋል። «ለአየር ይሆናችኋል» ብለው ችግኙን ሰጡኝ። ሳይቀመጡ በቀጥታ ሄደው የሳሎኑን መስኮት ከፈቱ፣ ቀጥለው የመኝታ ቤቱን፣ ቀጥለው የኩሽናውን። መጋረጃዎቹ ተነሱ፤ ጠረጴዛው ላይ የነበረ ወረቀት በሙሉ ወለል ላይ ወረደ። እሳቸው መስኮቱ አጠገብ ቆመው ትንሽ አሰቡ።

«አየሩ እንኳ ደህና ነው» አሉ።

ለሊሴ ፊቷን እንዳናይ ወደ ኩሽና ገባች። እሳቸውም ከዘራቸውን ግድግዳው ላይ አስደገፉና ጫማቸውን አወለቁ።